ማስተካከያ፦ ኤችዲኤል ሁልጊዜ አይዋጥም፣ አራግፎም ይሄዳል

ባለፈው ስለ ኮሌስትሮል ስጽፍ «ኮሌስትሮል የጫኑ ቅንጣቶች ሁሉ ሕዋስ ውስጥ ገብተው ይፈርሳሉ» ብዬ ነበር። «ሁሉ» ያልኩት ስህተት ነው፤ ይቅርታ።

ለኤልዲኤል («መጥፎ ኮሌስትሮል» ለሚባለው፣ ኮሌስትሮልን በደም ውስጥ ለሚያጓጉዘው ቅንጣት) ልክ ነው። ተቀባዩ (በሕዋሱ ሽፋን ላይ ያለ ፕሮቲን) ይይዘዋል፣ የሕዋሱ ሽፋን ወደ ውስጥ ይጎደጉድና ዋጥ ያደርገዋል። አሜሪካውያኑ ሳይንቲስቶች ብራውንና ጎልድስታይን በ1985 (በፈረንጆቹ) ኖቤል የተሸለሙት በዚሁ ዙሪያ በሠሩት ሥራ ነው።

ኤችዲኤል («ጥሩ ኮሌስትሮል» የሚባለው ቅንጣት) ግን ሌላ መንገድም አለው። በተለይ ጉበት ላይ ኤስአር-ቢ1 ከሚባል ተቀባይ ጋር ይጠጋል። ተቀባዩ ውስጥ እንደ ቦይ ያለ መተላለፊያ አለ። ቅንጣቱ የጫነው ኮሌስትሮል በዚያ በኩል ወደ ሕዋሱ ሽፋን ይሻገራል። ቅንጣቱ ራሱ ሳይፈርስ፣ ቀለል ብሎት ወደ ደም ይመለሳል። መርካቶ ጭነቱን አራግፎ እንደሚመለስ አይሱዙ በሉት። የኤልዲኤሉ አይሱዙ ግን ከነጭነቱ ይበታተናል።