ኮንቴይነሩስ ገባ፤ መለዋወጫውስ?

ድሬ ላይ «የገጠር ሆስፒታል እንርዳ» ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ኮንቴይነር ነው። አልጋው፣ ዊልቸሩ፣ አልትራሳውንዱ በጂቡቲ በኩል ይገባል። ባነር ይሰቀላል፣ ርክክብ ይደረጋል፣ ፎቶ ይነሳል። በዚህ አልቀልድም፤ ሰው ከላቡ ያዋጣው ነው። ግን ከስድስት ወር በኋላ ማሽኑ የት ነው ያለው?

የአንዱን የገጠር ሆስፒታል መጋዘን አይቻለሁ። ስሙን አልጠራም፤ የእሱ ብቻ ችግር አይደለም። ማሽኖች ግድግዳ ተደግፈው ተደርድረዋል። ፕላስቲኩ ያልተገፈፈ ሁሉ አለ። አንዱ ጀርባው ላይ 110 ቮልት ይላል። የእኛ መብራት 220 ነው። ትራንስፎርመር አብሮት አልመጣም፤ ስለዚህ ማንም ሊሰካው አልደፈረም። ደግ አደረጉ።

ጉዱ የኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት በድሃ አገሮች ያሉ ከ100,000 በላይ የሕክምና መሣሪያዎችን ቆጥሮ 38 በመቶ ያህሉ እንደማይሠሩ አገኘ። ምክንያቶቹ የሥልጠና፣ የአያያዝና የመሠረተ ልማት ጉድለት ናቸው።

ስቴሪላይዘሩን እንይ። የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች 121 ዲግሪ በደረሰ እንፋሎት ከጀርም የሚጸዱበት ነው። እሱ ቆመ ማለት ቀዶ ሕክምናው ቆመ ማለት ነው። ምጥ የጠናባት እናት ወደ ሐረር ወይም ወደ ድሬ ሪፈር ትባላለች፤ ያውም አምቡላንሱ ናፍጣ ካለው። የድሬ ሰው ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ያውቀዋል። እንዲህ ዓይነት ውሃ ባለበት ሁሉ ያው ነገር የስቴሪላይዘሩ ማሞቂያ ላይ ይጋገራል። ሙቀቱ ወደ ውሃው አልወጣ ይላል፣ ማሞቂያው ራሱን ያቃጥላል። ይህን የሚከላከለው የተጣራ ውሃ መጠቀምና በየጊዜው ማጠብ ነው። አለቀ። ግን ለማጣሪያ የሚሆን ባነር ማን ይሰቅላል?

ኦክስጅን የሚያመርተው ማሽንም እንደዚያው ነው። ከአየር ላይ ናይትሮጅኑን አስቀርቶ ኦክስጅኑን ለሕመምተኛው ይሰጣል። አየሩን የሚስበው በፊልተር ነው፤ የኛ አቧራ ደግሞ የታወቀ ነው። ፊልተሩ በየሳምንቱ በሳሙና ካልታጠበ ማሽኑ ይታፈናል። ድምፁ አለ፣ መብራቱ በርቷል፤ ሕፃኑ ግን የሚገባውን ያህል አያገኝም። ይሄ ነው የሚያስፈራኝ።

«መንግሥትስ የት ሄደ?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ይጠየቅ። ሆስፒታሎች የውስጥ ገቢያቸውን እንዲጠቀሙ ተፈቅዶላቸዋል። ግን የገጠር ገበሬ ከኪሱ ስንት ሊከፍል? እስከዚያው ማሽኑ አይጠብቅም።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ የአንድ ጊዜውን ትልቅ ስጦታ ትተን ለመለዋወጫና ለጥገና የሚሆን የወር መዋጮ እንጀምር። እንግዳ ነገር አይደለም። ሐረሪዎች አፎቻ አላቸው፣ እኛ ዕድር አለን። ሰው ሲሞት ድንኳን ለመግዛት የሚሮጥ የለም፤ ድንኳኑ ቀድሞ ተገዝቷል፣ ሲቀደድም ይሰፋል።

አብሮ መቆየት ምን እንደሚያደርግ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሐረር ብዙ የማይርቀው ቢሲዲሞ አለ። በጀርመን ቩርትስቡርግ እ.ኤ.አ. በ1957 አንድ የረድኤት ማኅበር የተቋቋመው እዚያ ላሉ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ለመድረስ ነበር። ማኅበሩ ዕቃ ጥሎ አልሄደም፤ ለዐሥርተ ዓመታት አብሮ ቆየ። የሥጋ ደዌው ማዕከል ዛሬ የአካባቢው ሕዝብ የሚታከምበት ሆስፒታል ነው። የውጭ ሰው ይህን ያህል ከቆየ፣ እኛ ድሬ ቀፊራ ገበያ ላይ ጫቱንና በርበሬውን ከእነዚያው ገበሬዎች የምንገዛ ሰዎች ምን ያቅተናል?

ዲያስፖራ ወገኖቻችንም ብትሆኑ ከመግዛታችሁ በፊት ማሽኖቹን ለሚጠግነው ለሆስፒታሉ የባዮሜዲካል ባለሙያ ደውሉ። ለዳይሬክተሩ ብቻ አይደለም፤ ዳይሬክተር ስጦታ እምቢ ማለት ይከብደዋል። ባለሙያው ግን የትኛው ክፍል መብራት እንደሚቆራረጥበት ያውቃል። መድኃኒት ከሆነም ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት የሚቀረው ይሁን፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ይህንኑ ይላል።

ገንዘቡን ማን ይያዝ? ከሆስፒታሉ አንድ፣ ከዕድሮቹ አንድ ሰው፣ በጣምራ ፊርማ። ደረሰኙ በየሦስት ወሩ ቴሌግራም ላይ ይለጠፍ። በመጀመሪያው ወር መዋጮ የስቴሪላይዘር ማሞቂያ ይገዛ፤ ሁለት፣ አንዱ ለመጠባበቂያ።