የሥልጠና አውሮፕላን ማኮብኮቢያ ላይ ስትሰበር ማን ይመርምር?

የክርክሩ መነሻ፦ ብቻውን የሚበር ተማሪ ሴስና 172 ሊያሳርፍ ነው። ፍጥነቱ በዝቷል። አውሮፕላኗ ትነጥራለች፣ በአፍንጫ ጎማዋ ትወድቃለች፣ ፕሮፔለሯም አስፋልቱን ይመታል። ማንም አልተጎዳም። ምርመራው የትምህርት ቤቱ ነው ወይስ የገለልተኛ መርማሪ?

የበረራ አስተማሪው፦ የትምህርት ቤቱ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 የተከሰከሰው መጋቢት 2011 ዓ.ም ነው፤ የመጨረሻው ሪፖርት የወጣው ታኅሣሥ 2015 ነው። 157 ሰው ላለቀበት አደጋ ይህን ያህል መድከም ተገቢ ነው። ለተጣመመ ፕሮፔለርስ? ዓለም አቀፉ ደንብ ራሱ ከ2,250 ኪሎ በላይ የሆነ አውሮፕላን አደጋ ሲደርስበት ነው ለዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ለአይካኦ፣ ይነገር የሚለው። ሴስና 172 ግማሹን ያህል ብትመዝን ነው። ደግሞ የእኛን ሰማይ እኛ እናውቀዋለን። ቦሌ ከ7,600 ጫማ በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። የፍጥነት ጌጁ 65 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ ነው) ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት ወደ 75 ይጠጋል። አዲስ ተማሪ መሬቱ ሲሮጥበት ይደነግጣል። ይህን ለማረም የዚያኑ ሳምንት ትምህርቱን ማስተካከል ነው እንጂ ሪፖርት መጠበቅ አይደለም።

የጥገና ባለሙያው፦ ወንድሜ፣ ያስተማረው፣ የጠገነውና ለብቻህ ብረር ብሎ የፈቀደው ያው ትምህርት ቤት ነው። ራሱ ተመርማሪ፣ ራሱ ዳኛ ሊሆን ነው? አስፋልቱን ልንገርህ። ፕሮፔለሩ በየምቱ ጭረት ይተዋል። በጭረቶቹ መሃል ያለው ርቀት ይናገራል። አውሮፕላኗ በ60 ኖት እየሄደች ሞተሩ በደቂቃ 2,400 ጊዜ ከዞረ፣ ባለ ሁለት ምላጩ ፕሮፔለር በየ39 ሳንቲሜትሩ ይጭራል። 1,000 ብቻ ከዞረ ርቀቱ ወደ 93 ይሰፋል። የጠበበው ጭረት "ልጁ ጉልበት ሰጥቶ እንደገና ሊነሳ ሞክሯል" ይልሃል። ሰፊው "ሞተሩን ቀንሶ ጠብቋል" ይልሃል። ሁለቱ የተለያየ ትምህርት ይፈልጋሉ። ማኮብኮቢያው ቶሎ ይከፈት ተብሎ አውሮፕላኗ ስትጎተት ግን ማን ይለካዋል? ያየሁት ነው፤ "የተማሪ ስህተት" ተብሎ ፋይሉ ይዘጋል።

አስተማሪው፦ ጋሼ፣ ልኬቱን አልቃወምም። ግን መርማሪ እስኪመጣ በረራ ሁሉ ይቁም?

ባለሙያው፦ አይቁም። ተረኛው ሜትርና ካሜራ ይዞ ይውጣ፤ ጭረቱን፣ የጎማውን ጥቁር መስመር፣ የፍላፑን (ለማረፍ የሚዘረጋውን የክንፍ ክፍል) ቦታ ይመዝግብ። ከዚያ አውሮፕላኗ ከማኮብኮቢያው ትነሳ። ልጁን ግን መጀመሪያ መርማሪው ያናግረው። አይካኦ የምርመራ ዓላማ አደጋን መከላከል እንጂ ጥፋተኛ መፈለግ አይደለም ይላል። ሊያባርረው ለሚችል አለቃ ማን ይናዘዛል?

አስተማሪው፦ እዚህ ላይ አልስማማም። እጁ እየተንቀጠቀጠ ከኮክፒት የሚወርድ ልጅ የሚያምነው ሲያስተምረው የከረመውን ሰው ነው። እኔ ሳላቅፈው ማንም አያናግረውም።