«በወረቀቱ እህትህ ናት»

አሁን ነው የገባሁት። ጫማዬን እንኳን አላወለቅኩም። ይሄን ሳልጽፈው ግን እንቅልፍ አይወስደኝም።

ዛሬም ያው የኢሚግሬሽን መስኮት ጋ ነበርኩ። ከአሜሪካ ለመኖር ከተመለስን ወዲህ ለ5ኛ ጊዜ። የእኔና የባለቤቴ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ወጥቷል፣ የቀረው የልጅቷ ነው። «ይዘሃት ና» ስለተባልኩ ከትምህርት ቤት አስቀርቼ ይዣት ሄድኩ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተሰልፈን 5 ሰዓት ተኩል ላይ ተራችን ደረሰ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ሠራተኛ የልጄን የልደት ሰርተፍኬት አየችው። የእኔን መታወቂያ አየች። እንደገና ሰርተፍኬቱን አየች።

«አባቷ የታለ?»

«እኔ ነኝ።»

«አንተ አይደለህም። የአባቷ ስም ሌላ ነው።»

አሜሪካ የኖራችሁ ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል። እዚያ «ላስት ኔም» (የቤተሰብ ስም) ተብሎ ለልጄ የተላለፈው የእኔ የአባት ስም ነው። ስለዚህ ከልጄ ስም ቀጥሎ የተጻፈው የአያቷ ስም ነው። የእኔ ስም መሃል ላይ ተዘሏል። ሜሪላንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ ሚስትህ ገና ከምጥ ወጥታ ፎርም ሲሰጡህ ማን ይሄን ያስባል? ላስረዳት አፌን ስከፍት አቋረጠችኝ።

«በወረቀቱ ሁለታችሁም የአንድ ሰው ልጆች ናችሁ። በወረቀቱ እህትህ ናት።»

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውዬ ሳቀ። ልጄ 9 ዓመቷ ነው። አማርኛ ስትናገር ትኮላተፋለች እንጂ አንድም ቃል አያመልጣትም። እጄን ጎተት አድርጋ «አባ፣ አባቴ አይደለህም እንዴ?» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። እዚያው ሰርተፍኬት ላይ፣ ዝቅ ብሎ፣ «አባት» በሚለው ቦታ ሙሉ ስሜ አለ። በጣቴ አሳየኋት። «እሱን አናይም፣ የልጅቷን ስም ነው የምናየው» አለች። ከዚያ ወደ ልጄ ዞራ «እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ የአባትሽ ስም ማነው?» አለቻት። ልጄ ደንግጣ እዚያ ትምህርት ቤት የለመደችውን ላስት ኔሟን ተናገረች። የአያቷን ስም!

«አየህ?» አለችኝ። «ፍርድ ቤት አስተካክለህ ና። ቀጣይ!»

ቀጣይ። በቃ። ሠራተኛዋ እኮ ልጄ ልትሆን የምትችል ናት። አንተ፣ አንተ እያለች።

ደግሞ አዋጁን አንብቤዋለሁ። አዋጅ 270/1994። ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። እኔ ብቀር እንኳ አያቷ ይበቋታል! አባቷ ናቸው የተባሉት ሰው ደሴ ተወልደው እዚያው ደሴ የተቀበሩ ናቸው። ይሄን ስናገር ማንም ቀና ብሎ አላየኝም።

ወረቀቱ ራሱ እዚህ ለመድረስ ስንት ማህተም እንደበላ ታውቃላችሁ? ሜሪላንድ ተመታ። ዋሽንግተን ስቴት ዲፓርትመንት ተመታ። ኤምባሲያችን ተመታ። እዚህ ስንገባ ውጭ ጉዳይ ተመታ። ከዚያ ትርጉም ቤት ሄደ። ከእነዚያ ሁሉ እጆች አንዱ እንኳ «ይቺ ልጅ እህትህ ናት» አላለኝም።

ባለፈው ለእኔው ካርድ ሲሉኝ የነበረው ደግሞ «ከተወለድክበት ቀበሌ ማስረጃ አምጣ» ነበር። ሰፈሬ ካዛንቺስ ነው። በ2017 መጀመሪያ ፈርሷል። ያደግኩበት ግቢ የለም፣ ጎረቤቶቻችን የት የት እንደተበተኑ እናቴ እንኳን አታውቅም። ፋይሉን ፍለጋ ሦስት ሳምንት ዞርኩ። «ሲስተም የለም»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ነገ ና»።

የቤቱንማ ተዉት። ገርጂ ያየነው ቤት፣ ደላላው «ዳያስፖራ ናቸው» ሲል አከራዩ ዋጋውን እዚያው እያየነው ጨመረ። የ1 ዓመት ቅድሚያ ክፈሉ አለን። አዋጅ 1320/2016 ከ2 ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ አይጠየቅም ይላል ስለው «ታዲያ አዋጁ ያከራይህ» አለኝ። ከፈልን። ምን እናድርግ? ልጅ ይዘን ሜዳ ላይ አናድር።

በጣም የሚያንገበግበኝ ምን መሰላችሁ? በ2014 ገና፣ አንድ ሚሊዮን ዳያስፖራ አገሩ ይግባ ተብሎ ሲጠራ መጥተን ነበር። ቦሌ ላይ በአበባ ተቀበሉን። ይቺው ልጅ በማትሞላው የሐበሻ ቀሚስ ፎቶ ተነሳች። ለዳያስፖራ ትረስት ፈንዱ በቀን 1 ዶላር ስናዋጣ፣ ለግድቡ ቦንድ ስገዛ፣ «የማን ልጅ ነህ» ያለኝ የለም። ለእንግድነት ስንመጣ የአገር ልጆች ነን። ለመኖር ስንመጣ ማስረጃ አምጡ።

ዘመድም አላረፈንም። «ምን ሆናችሁ ተመለሳችሁ? ዲፖርት ተደረጋችሁ እንዴ?» ይሉናል። እናቴ አርጅታለች፣ ልጄ አያቷን በስክሪን ብቻ እንድታውቃት አልፈለግኩም። ይሄ ለማን ይከብደዋል? ባለቤቴ ማታ ማታ ዝም ብላ ትቀመጣለች። 14 ዓመት የሠራችበትን ሥራ ትታ ነው የመጣችው። ዛሬ የሆነውን ስነግራት አልተናደደችም። «እህትህ እራቷን በልታለች?» ብላ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች።

ልጅቷን ሲመሽ አስቀምጬ፣ ስሟን፣ ስሜን፣ የአያቷን ስም በቅደም ተከተል አስጻፍኳት። ስትጨርስ «መጀመሪያ ለምን ዘለሉህ?» አለችኝ። ምን ልበላት?

የልጅ ስም በፍርድ ቤት ያስተካከላችሁ ካላችሁ ስንት ቀን እንደፈጀ፣ ጠበቃ ይፈልግ እንደሆነ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ሰኞ ጠዋት እጀምራለሁ። እሷን ግን ሁለተኛ እዚያ መስኮት ጋ ይዣት አልሄድም።