ስለ ጣናው አረንጓዴ ውሃ አንድ እርማት

ሰላም የባሕር ዳርና የዘጌ ልጆች። «ሙቀቱ ሲጨምር ጣና አረንጓዴ ይሆናል፣ አረንጓዴው ፕላንክተን ነው፣ ፕላንክተን ደግሞ የዓሣ ምግብ ስለሆነ ለዓሣ አጥማጁ ሲሳይ ነው» የሚል ነገር ስትቀባበሉ አየሁ። ፕላንክተን፣ ማለትም በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉት ደቃቅ ሕያዋን፣ የዓሣ ምግብ መሆኑ ልክ ነው። ስህተቱ አረንጓዴውን ሁሉ አንድ ማድረጉ ላይ ነው። ውሃ ሲሞቅና ከማሳ የታጠበ ማዳበሪያ ሲገባበት የሚፈላው በአብዛኛው ሳያኖባክቴሪያ የሚባለው አረንጓዴ መሳይ ባክቴሪያ ነው፤ ለዓሣ ምግብ የሚሆኑት ደቃቅ የውሃ ነፍሳት እንደልብ አይበሉትም፣ አንዳንዱ መርዝ ያመነጫል፣ በብዛት ሞቶ ሲበሰብስ ደግሞ ኦክስጅኑን ይጨርስና ዓሣው ታፍኖ ያልቃል። ጥልቅ ሐይቅ ላይማ ጭራሽ ፕላንክተኑ ራሱ ይቀንሳል። የላዩ ውሃ ሞቆ ከታችኛው ጋር መደባለቅ ስለሚያቅተው ከሥር ያለው ንጥረ ነገር ወደ ላይ አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ ታንጋኒካ ሐይቅ የወጣ ጥናት የአልጌው (እንደ ተክል በፀሐይ ብርሃን የሚያድገው ፕላንክተን) ምርት 20 በመቶ ገደማ ሳይቀንስ እንዳልቀረ ገምቷል።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ጓንት አድርጉና ውሃውን ጥርት ባለ ጠርሙስ ቀድታችሁ ሳትነካኩ አሳድሩት። አረንጓዴው ላይ ላዩን ተንሳፎ ከተጠራቀመ ሳያኖባክቴሪያ ሳይሆን አይቀርም። እባካችሁ ከዚያ ውሃ ከብት አታጠጡ፤ ማፍላትም መርዙን አያጠፋውም።