ሴት ስትናገር ማን ያምናታል?

እዚህ አሜሪካ የመጽሐፍ ንግዱ «የሴቶች ልብ ወለድ» ብሎ የሚመድበው ዘርፍ አለ። ደራሲዋ ሴት፣ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሴት፣ አንባቢዋም ሴት ትሆናለች ተብሎ ነው የሚታተመው። ሽፋኑ ላይ ብዙ ጊዜ ጀርባዋን የሰጠች ሴት ወይም አበባ ታያላችሁ። ወንዶች እምብዛም አያነሱትም። እንግሊዛዊቷ ጋዜጠኛ ሜሪ አን ሲግሃርት እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተመችው መጽሐፍ ኒልሰን የተባለ የገበያ ጥናት ድርጅት ያደረገውን ጥናት ጠቅሳለች። በብዛት ከሚሸጡ 10 ሴት ደራስያን አንባቢዎች ውስጥ ወንዶቹ 19 በመቶ ብቻ ናቸው። በብዛት የሚሸጡት 10 ወንድ ደራስያን ግን በሁለቱም ጾታ ይነበባሉ፤ 55 በመቶ ወንድ፣ 45 በመቶ ሴት።

ይሄ ያሳዝነኛል። ምክንያቱም ሰሞኑን ካነበብኳቸው ልብ ወለዶች ውስጥ ከባዱን ጥያቄ ያነሱት እነዚሁ በሴቶች የተጻፉት ናቸው። ጥያቄው ስለ ፍቅር አይደለም። ሴት የደረሰባትን ወይም የሠራችውን ስትናገር ማን ያምናታል? ነው።

በአሜሪካዊቷ ደራሲ በክሪስቲን ሃና ልጀምር። «ዘ ዊመን» የወጣው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ፍራንኪ ማግራዝ የካሊፎርኒያ ባለጸጋ ቤተሰብ ልጅ ናት። ወንድሟን ተከትላ የጦር ነርስ ሆና ቬትናም ትሄዳለች። እጅና እግር የተቆረጠ፣ ሆዱ የተዘረገፈ ወጣት ስታነሳ ትከርማለች። ከዚያ ትመለሳለች። መንገድ ላይ ይተፉባታል። ቤተሰቦቿ ያፍሩባታል። እርዳታ ፍለጋ ስትሄድ ደግሞ «ቬትናም ውስጥ ሴት አልነበረም» ይሏታል። እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። ጦርነቱን በዓይኗ ያየች ሴት «አልነበርሽም» ስትባል ምን ብላ ትከራከራለች?

ነገሩ ፈጠራ ብቻ አይደለም። 10 ሺህ ያህል አሜሪካውያን ሴቶች ቬትናም ውስጥ አገልግለዋል፤ አብዛኞቹ ነርሶች ነበሩ። የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ስለሆነ ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣ ወደ ሊንከን መታሰቢያ እወስዳለሁ። እዚያው አጠገብ በቬትናም ጦርነት የሞቱና የጠፉ ከ58 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ስም የተቀረጸበት ጥቁሩ ግድግዳ አለ። እሱ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ከዚያ ሁሉ ስም 8ቱ የሴቶች ናቸው። የሴቶቹ ሐውልት የቆመው ግን በ1993 ነው፤ 11 ዓመት ዘግይቶ። መጽሐፉን ካነበብኩ በኋላ እንግዶቼን ሐውልቱ ጋ ሳላደርስ አልመለስም።

እውነቱን ለመናገር መጽሐፉ እንከን አለው። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ የፍቅሩ ነገር ይበዛል። ፍራንኪ ከአንዱ ልብ ሰባሪ ወደ ሌላው ስትንከራተት ሰለቸኝ። የጦር ሜዳው ክፍል ግን እንቅልፍ ይነሳል።

እሱን እንደጨረስኩ የመዓዛ መንግሥቴን «ዘ ሻዶው ኪንግ» እንደገና አወጣሁት። እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሞ በ2020 ለእንግሊዙ የልብ ወለድ ሽልማት ለቡከር የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ የገባው ነው። የኛ ታሪክ ነው፤ በእንግሊዝኛ ቢጻፍም። ወላጆቿን ያጣችው ኂሩት በኪዳኔና በአስቴር ቤት ሠራተኛ ናት። ከአባቷ የቀራት አንድ ውጅግራ ጠመንጃ ነው። ጣሊያን ሊወር ሲመጣ ኪዳኔ ጠመንጃውን ይወስድባታል። በኋላ እሷም ትዋጋለች፤ አስቴርም ሴቶችን ሰብስባ ትዘምታለች።

ደራሲዋ ለዓመታት ጦርነቱን ስታጠና ቆይታ ነው የገዛ ቅድመ አያቷ መዝመቷን ከእናቷ የሰማችው። ቅድመ አያቷ ጠመንጃዬ ይሰጠኝ ብላ አባቷን ከስሳ ነበር። እስቲ አስቡት። ስለ አርበኞች እየተነገረን ነው ያደግነው። የከበደች ሥዩምንና የሸዋረገድ ገድሌን ስም የምናውቅ አለን። ውሃ የቀዳችው፣ ቁስለኛ ያነሳችው፣ ጠመንጃ የተሸከመችው ግን በየቤታችን አያት ሆና ተቀምጣ፣ ማንም ሳይጠይቃት አለፈች።

ይህን መጽሐፍ ከሌሎቹ አስበልጬ የምወድበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። ሴቶቹን ሁሉ እህትማማች አያደርጋቸውም። አስቴር ኂሩትን ትገርፋታለች። ኪዳኔ ኂሩትን ይደፍራታል። ለነጻነት የሚዋጋ ሰው የቤቱን ሠራተኛ ነጻነት ሲገፍ አንባቢው ዓይኑን መክደን አይችልም። ወጥ ቤቷም ስሟን ትተው «ወጥ ቤቷ» ነው የሚሏት። እኛ ቤት ያደገ ሰው ይሄን ሲያነብ ማንን እንደሚያስታውስ ያውቃል። አንዳንድ አንባቢ አጻጻፉ ከባድ ነው ይላል። አዎ፣ ከባድ ነው። ቀስ ብለው ቢያነቡት ይከፍላል።

አሁን ወደ ናይጄሪያዊቷ ደራሲ ወደ ቺማማንዳ ንጎዚ አዲቼ ልምጣ። «ድሪም ካውንት» እ.ኤ.አ. በ2025 ሲወጣ የቀድሞ ልብ ወለዷ «አሜሪካና» ከታተመ 12 ዓመት አልፎት ነበር። የአራት አፍሪካውያን ሴቶች ታሪክ ነው። ሦስቱ የተማሩና የደላቸው ናይጄሪያውያን ናቸው። አራተኛዋ ካዲያቱ ከጊኒ የመጣች፣ ሆቴል ክፍል የምታጸዳ እናት ናት። አንድ ትልቅ ሰው ያረፈበት ክፍል ውስጥ ጥቃት ይደርስባታል።

መነሻው ዓለም የሚያውቀው ክስ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2011 ናፊሳቱ ዲያሎ የተባለች የጊኒ ተወላጅ፣ የኒውዮርክ ሆቴል ሠራተኛ፣ በወቅቱ የዓለም የገንዘብ ድርጅት ኃላፊ የነበሩትን ዶሚኒክ ስትሮስ ካንን ከሰሰች። እሳቸው በፈቃዷ ነው አሉ። በነሐሴ ወር ዓቃቤ ሕግ ክሱ እንዲነሳ ጠየቀ። ከምክንያቶቹ አንዱ ሴትየዋ ጥገኝነት ስትጠይቅ እውነት ያልሆነ ታሪክ ተናግራለች የሚል ነበር። በፍትሐ ብሔር የጀመረችው ክስ በስምምነት ተዘጋ።

እዚህ ላይ ነው መጽሐፉን አስቀምጬ ግድግዳ ግድግዳውን ያየሁት። እኛ ሐበሾች «ኬዝ»፣ ማለትም የጥገኝነት ማመልከቻ፣ ምን እንደሆነ እናውቃለን። አንዲት ሴት መጥታ በደሏን ለባለሥልጣን መንገር አለባት። የደረሰባት በቂ ነው፤ ግን ሰው ይመጣና «እንዲህ ካላልሽ አያምኑሽም» ይላታል። እውነቷ ያልበቃላት ሴት የሌላ ሰው ታሪክ ትሸመድዳለች። ከዓመታት በኋላ ሌላ እውነት ስትናገር ያኛው ወጥቶ ይመሰክርባታል። አዲቼ ይህን ጉዳይ እንደ ጠበቃ አትከራከርበትም። ካዲያቱን ከልጅነቷ ጀምራ ታሳየናለች፤ መንደሯን፣ እህቷን፣ ሐዘኗን፣ ልጇን። ክሱ ሲመጣ አንባቢው ሴትየዋን ያውቃታል። ጋዜጣው ግን አያውቃትም ነበር።

ዋሽንግተንና አካባቢው ያሉ ሆቴሎች ውስጥ አልጋ የሚያነጥፉ፣ ደብል ሺፍት የሚሠሩ ስንት እህቶች አሉን። ከሥራ ወጥተው ልጅ ከትምህርት ቤት ያመጣሉ፣ አገር ቤት ገንዘብ ይልካሉ፣ ቅዳሜ ለቅሶ ይደርሳሉ። እንደ ካዲያቱ ያለች ሴት በአንድ ታላቅ ልብ ወለድ መሐል ቆማ ሳይ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የሌሎቹ ሦስት ክፍል እኩል አይደለም። ቺያማካ የቀድሞ ወዳጆቿን አንድ በአንድ የምትቆጥርበት ረዝሞብኛል። ካዲያቱ ስትመጣ ግን ሌላው ሁሉ ይደበዝዛል።

የቦኒ ጋርመስን «ሌሰንስ ኢን ኬሚስትሪ»ንም አንብቤያለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውን። ምርምሯን የሚቀሟት የኬሚስትሪ ሊቅ በቴሌቪዥን ምግብ ማብሰል ስታስተምር የሚያሳይ ነው። ይጣፍጣል፣ ይሮጣል። ግን የ1960ዎቹ ሴት እንደ ዛሬ ሰው ትናገራለች፤ በመጨረሻም ሁሉ ነገር በጣም ይገጣጠምላታል። ለበረራ ጥሩ ነው።

አገር ቤትን ሳስብ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣብኛል። እኛ ልብ ወለድ አፍቃሪ ሕዝብ ነን። አዟሪው ክምር መጽሐፍ ታቅፎ ካፌ ድረስ ይመጣል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ስንቶቻችን ሳናነበው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከሬዲዮ ሰማነው! ሰብለ ወንጌልን ያላለቀሰላት የለም። ሐዲስ አለማየሁን አከብራለሁ፤ የዘመኑን ጭካኔ እንደሳቸው ያሳየ ጥቂት ነው። ቢሆንም በብዙ ልብ ወለዶቻችን ውስጥ ሴቷ ትፈቀራለች፣ ትለቀስላታለች፣ ትናፈቃለች። አንቺስ ምን አየሽ? ብሎ የሚጠይቃት ግን አይበዛም። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት ሥነ ጽሑፋችንም ውስጥ ገብቷል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ያልተጻፈ ታሪክ ሁሌም ይቆረቁረኛል። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመለሱ። ብዙ ሴቶች ነበሩባቸው። ባዶ እጃቸውን ቦሌ ያረፉ፣ ደሞዛቸውን የተነፈጉ፣ ልጅ ታቅፈው የመጡ። ቤተሰብ የጠየቃቸው «ምን አመጣሽ?» ብሎ ነው። «ምን ደረሰብሽ?» ያላቸው ጥቂት ነው። የተናገሩትም «ራሷ ፈልጋ ሄዳ» ተባሉ። ፍራንኪ የሰማችው፣ ካዲያቱ የሰማችው ይኸው ነው። ከሪያድና ከቤይሩት የተመለሰች ሴት ከመንደሯ እስከ አሠሪዋ ወጥ ቤት፣ ከዚያም እስከ ቦሌ ድረስ ሙሉ ሰው ሆና የምትታይበት ወፍራም የአማርኛ ልብ ወለድ ያስፈልገናል። ዜና ሰምተናል፤ ዘፈንም ሰምተናል። ልብ ወለድ ግን 400 ገጽ ያህል አብሯት ያስቀምጠናል።

ማን ይጽፈዋል ቢባል፣ ያየችው ሴት ብትጽፈው ደስ ይለኛል። ጊዜ የላትም፤ አውቃለሁ። ስለዚህ የሚጽፉት ቀርበው ይስሟት። ሲወጣ ደግሞ በድምፅም ይውጣ። እዚህ የቤተ መጻሕፍት ካርድ ያለው ሁሉ በስልኩ ኦዲዮ ቡክ በነጻ ይሰማል፤ አረጋውያን የሚያስታምሙ እህቶች በሥራ መሐል ሲሰሙ አይቻለሁ። አገር ቤትም የሬዲዮ ትረካ ልማዱ አለን። ወንዶችም ይሰሙታል፤ ታክሲ ውስጥ ሽፋኑን አያዩትማ።