እርማት፦ «ቀኑን ካላስታወሰች ውሸቷን ነው» የሚለው ስህተት ነው

ወንድሜ፣ በልጃገረዶች ላይ ወሲባዊ ጥቃት በማድረስ ስለተከሰሰው አሜሪካዊ ባለሀብት ስለ ጄፍሪ ኤፕስታይን ስትጽፍ «በእውነት የተጎዳች ልጅ ቀኑንም ቦታውንም አትረሳም፤ ያኔውኑ ትናገራለች» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል። ግን ስህተት ነው፤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ፍርድ ቤት «ጄን» የሚል ስም የሰጣትን ምስክር ተመልከት። እ.ኤ.አ. 1994 ነው፤ ዕድሜዋ 14። አባቷ ከሞተ ብዙም አልቆየም። ሚሺጋን፣ ኢንተርሎከን የተባለው የወጣቶች የሥነ ጥበብ ካምፕ ውስጥ፣ ከጓደኞቿ ጋር ቁጭ ብላ አይስክሬም ትበላለች። የኤፕስታይን የቅርብ ሰው የነበረችው፣ በኋላም ልጃገረዶችን ለእሱ በማመቻቸት የተከሰሰችው ጊሌን ማክስዌል ትንሽዬ ውሻ ይዛ መጣች። ኤፕስታይንም ተጨመረ። ጎበዝ ልጆችን በስኮላርሺፕ እንደሚረዳ ነገራት፤ ስልክ ቁጥርም ተቀበለ። ለካምፑ እንግዳ አልነበረም። በ1967 ራሱ እዚያ ባሱን የተባለ የትንፋሽ የሙዚቃ መሣሪያ ተምሯል፣ በኋላም ለጋሽ ሆኗል።

እንዲህ ያለውን ደግ ሰው ልጅ ለማን ብላ ትከሰዋለች?

ጄን በ2021 በማክስዌል ችሎት ስትመሰክር የማክስዌል ጠበቆች ያነሱት አንተ ያነሳኸውን ነው፦ የተምታቱ ቀኖች፣ ከዓመታት በፊት ከተናገረችው የሚለያዩ ዝርዝሮች። የማስታወስ ችሎታ ባለሙያም አቀረቡ። ግን ከ25 ዓመት በላይ አልፏል። ቀን ይደበዝዛል፣ ቅደም ተከተል ይቀያየራል። አይስክሬሙና ውሻው ግን ቀርተዋል፤ የደረሰባትም ቀርቷል። ዳኞቹ ማክስዌልን ከስድስቱ ክሶች በአምስቱ ጥፋተኛ አሏት። 20 ዓመት ተፈርዶባታል።

እባክህ ያንን አረፍተ ነገር አስተካክለው። ዛሬም ዝም ያለች ልጅ ልታነበው ትችላለች።