ለጊዜው ነው

ቅዳሜ ጠዋት ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ የደብረ ብርሃን ብርድ ሳይሆን ሽታ ነው፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ። ጋቢዬን ደርቤ ወደ ማድ ቤት ብቅ ስል አከራያችን እትዬ የሊጥ ባልዲያቸውን ይዘው ቆመዋል። የምጣዱ ስፒና ቀልጦ እንደ ማስቲካ ተለጥጧል። ጋሼ ደግሞ ሥራ ላይ ናቸው። ጋሼ የግቢያችን ሁሉን ዐዋቂ ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠርተዋል። ኤሌክትሪክን የተማሩት ከጡረታ በኋላ፣ በእኛ ላይ ነው።

የቀለጠውን ስፒና በቢላዋ ቆርጠው ጣሉት። ሽቦዎቹን በጥርሳቸው ላጡ። ሁለቱን ራቁታቸውን ሶኬቱ ቀዳዳ ውስጥ ከተቱና እንዳይወጡ በክብሪት እንጨት ወተፏቸው። በክብሪት! ከእንጨት ሁሉ ተመርጦ! ዐይኔ መፍጠጡን አይተው ነው መሰለኝ፣ «ጭንቅላቱንማ ቆርጬዋለሁ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ግን...»

«ለጊዜው ነው።»

እዚህ ግቢ ውስጥ «ለጊዜው» የተባለ ነገር ሁሉ ከእኛ በላይ ዕድሜ አለው። የመጸዳጃ ቤቱ በር በገመድ ለጊዜው የታሰረው እኔ ቤቱን ስከራይ ነበር። ልጄ ተወለደች፣ አፍ ፈታች፣ ሁለተኛ ክፍል ገባች፤ ገመዱ አለ። ከቆጣሪው ተነስቶ በመስኮት ወደ ማድ ቤት የሚገባው ቀጭን ሽቦም ለአንዲት አምፖል ለጊዜው የተዘረጋ ነው። ዛሬ የአራት አባወራ እንጀራ በተራ ይጋገርበታል። ወደ 4000 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት ከ18 አምፔር በላይ ይስባል፤ ሶኬቱ ላይ የተጻፈው 16 ነው። ይህን ለጋሼ ብነግራቸው «አንተ ደግሞ የተጻፈውን ሁሉ ታምናለህ» አሉኝ። ሽቦው ግን ፊደል ሳይቆጥር አምኗል፤ እትዬ አሥረኛውን እንጀራ ሲያወጡ በእጅ አይነካም።

ከተረትና ምሳሌ ሁሉ «ሳይቃጠል በቅጠል» የምትለዋን እወዳለሁ። ሁለት ቃል ብቻ ናት፤ ግን አንድ መሥሪያ ቤት የሚያክል ሥራ ትሠራለች። ተጉለት የነበሩት አያቴ በኩበት ሲጋግሩ እርጥብ ቅርንጫፍ ከአጠገባቸው አይጠፋም ነበር፤ ነበልባሉ ከጉልቻው ከወጣ በእሱ መታ መታ ያደርጉታል። እሳትን ያከብሩት ነበር፤ እንደ ክፉ በሬ ዐይናቸውን ከእሱ አይነቅሉም። የሽቦ እሳት ቅጠል አይፈራም፣ ውኃ ደግሞ ጭራሽ ወዳጁ ነው። ጋሼ ግን ናስትሮ በጠመጠሙ ቁጥር ይችኑ የእኔን ተረት ይተርቱብኛል። ናስትሮው ራሱ ቀልጦ ሲንጠባጠብ በላዩ ላይ ሌላ ናስትሮ!

ናስትሮ ካልሁ ዘንድ ካቻቢቴዬን ሳላነሳ አላልፍም። ቢጫ እጀታ ያላት፣ ውስጧ ትንሽ አምፖል የምትበራ፣ ኤሌክትሪክ መኖሩን የምትናገር ካቻቢቴ ነበረችኝ። ጋሼ የዛሬ ሦስት ዓመት በፋሲካ ዋዜማ ተዋሱኝ። ስጠይቃቸው «ሥራ ላይ ናት» ይሉኛል። ምን ሥራ? ያን ጠዋት ሽቦው ኤሌክትሪክ ይኑረው አይኑረው የለዩት በጣታቸው ጀርባ ነካ አድርገው ነው! ሦስት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ሳልነፍግ ቆይቻለሁ፤ ይህም ትዕግሥት ከተባለ።

እና ባልቦላው፣ ኃይል ሲበዛ ራሱ ተቃጥሎ መብራቱን የሚቆርጠው። ደጋግሞ ሲቃጠል ጋሼ በወፍራም የመዳብ ሽቦ ተኩት፤ ከዚያ ወዲህ ተቃጥሎ አያውቅም፤ ይህን እንደ ድል ይናገሩታል። ሌባ ሲመጣ ይጮኻል ብሎ የውሻን አፍ ማሰር ማለት ነው። ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ወደ መሬት የሚያወርደውን፣ አረንጓዴና ቢጫ የሆነውን የመሬት ሽቦ ደግሞ «ትርፍ ነው» ብለው ቆርጠው የዶሮ ቤቱን በር አሰሩበት። የግቢያችን ዶሮዎች ከመሬት ጋር በሚገባ ተገናኝተዋል። እትዬ ግን እጃቸው በሊጥ ርሶ፣ ወለሉ ረጥቦ፣ ኮንጎ ጫማ አድርገው ይጋግራሉ። ለምን ቢሏቸው፣ «ትንሽ ትነዝራለች እንጂ ደግ ምጣድ ናት።»

በነገራችን ላይ እኛ የዚህ አገር ሰዎች በብርሃን ጉዳይ ምክር አንወድም። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከሰማይ ብርሃን ታየ ተብሎ ነው ከተማችንን ደብረ ብርሃን ያሏት፤ ያ ብርሃን ቆጣሪም ናስትሮም አልነበረውም። ኤሌክትሪክን ወደ አገር ያስገቡት ዳግማዊ ምኒልክም በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት እዚሁ አንጎለላ ነው። ጋሼ ይህን ሁሉ እንደ ራሳቸው የሥራ ልምድ ይቆጥሩታል።

የሚያናድደኝ ግን ጋሼ አይደሉም። እሳቸው ቢያንስ ጎንበስ ይላሉ። እትዬ ከየቤቱ የምጣድ ተብሎ በመብራቱ ሒሳብ ላይ ተጨማሪ ገንዘብ ይቀበላሉ። ከቆጣሪው ለምጣድ ብቻ የሚሆን መስመር ይዘርጋ፣ ሽቦው ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ ይሁን፣ የራሱ ማቋረጫና የመሬት ሽቦ ይኑረው ብዬ ብለምናቸው፣ «የጭቃ ቤት ነው ልጄ፣ ግድግዳው ሚስማር አይችልም» አሉኝ። ሚስማር የማይችል ግድግዳ እሳት ይችላል? ከራሳችን በላይ ያለው የማዳበሪያ ኮርኒስ ነው፤ ከኮርኒሱ በላይ ሽቦና የሸረሪት ድር። አራት ቤተሰብ ከዚያ ሥር ልጆቹን ያስተኛል። ኪራይ ለመጨመር ሲሆን ግን ቤቱ ቪላ ነው!

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ክብሪቱ። ማታ ሄጄ አየሁት፤ ጫፉ ጠቁሯል፤ ሶኬቱም በአንድ ጎኑ ቡናማ ሆኗል። ለጋሼ ላሳያቸው አስቤ ነበር፤ ግን ካቻቢቴዬ ትዝ አለችኝና ተውኩት።

ነገ የመጋገር ተራው የእኛ ነው። ሊጡ ኩፍ ብሏል። ባለቤቴ ከበሩ ላይ ሆና «ክብሪት አለን?» አለችኝ። ለመለኮሻ እንዳልፈለገችው ገብቶኛል። ሁለት እንጨት አውጥቼ ሰጠኋት፤ ጭንቅላታቸውን ቆርጬ።